የቤት ኢንቨርተር መከታተያ በሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ «በአንድ ምሽት ይሠራል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለውን አንድ ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው በቤታቸው ጣሪያ ላይ የሶላር ፓኔል ያስተከሉ ሰው ሲሆኑ፣ የኢንቨርተራቸውን (የፀሐይንና የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃዎች ወደሚስማማ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን መሣሪያ) ሥራ በየጊዜው የሚያሳያቸውን ፕሮግራም በሰው ሠራሽ አስተውሎት በአንድ ምሽት እንዳስጻፉ ይተርካሉ፤ ኮዱንም ከጽሑፉ ጋር አያይዘው ለፈለገ ሁሉ ሰጥተዋል። ከዚህ ልምዳቸው በመነሣት አምስት ነጥቦችን ያስቀምጣሉ። አንደኛ፣ ይህን ለመሥራት ስለ ኢንቨርተር ምንም ማወቅ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ኮዱ ያለ ስህተት ከተነሣና ቁጥር ካሳየ ሥራው አልቋል። ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ ከማሳየት አልፎ የባትሪውን አሞላልና የኃይል ምንጩን ቅደም ተከተል ራሱ እየለዋወጠ ቢያስተዳድር ይበልጥ ይጠቅማል። አራተኛ፣ ከእንግዲህ ለክትትል ቴክኒሻን መጥራት ገንዘብ ማባከን ነው። አምስተኛ፣ በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦችም እንዲያዩት ፕሮግራሙን በቀጥታ ለኢንተርኔት ክፍት ማድረግ ይበቃል።

ጸሐፊው ያገኙትን ለብቻቸው ይዘው አለመቅረታቸው ያስመሰግናቸዋል። እኔም እናቴ ቤት የገጠምኩትን 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር የሚከታተለውን ፕሮግራም የሠራሁት በዚሁ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እገዛ በመሆኑ፣ ምላሼ አዲስ ነገርን ከመጥላት የመነጨ አይደለም። ነገር ግን ጽሑፉን አንብበው ኮዱን እንዳለ ገልብጠው ቤታቸው ያስገቡ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ጽሑፉን ከሥሩ ያሳሳተው አንድ ቃል እንዳለ ልጠቁም። በአማርኛ «መቆጣጠር» ስንል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ቃል እንጠራለን፤ ትኬት ተቆጣጣሪው የሚያየው ትኬቱን ብቻ ነው፣ ሾፌሩ ግን መኪናውን ራሱን ይቆጣጠራል። ጸሐፊው ይህን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሁለቱም ትርጉም እያፈራረቁ ስለተጠቀሙበት፣ ለማየት የተሠራው ፕሮግራም በሦስተኛው ነጥባቸው ላይ ሳይታወቅ ወደ አዛዥነት ተሸጋግሯል። እኔ ከዚህ በኋላ አንዱን «መከታተል»፣ ሌላውን «ማዘዝ» እያልኩ እለያቸዋለሁ። የሚከታተል ፕሮግራም ሲሳሳት ሰውን ያሳስታል፤ ሰውየው ግን የኢንቨርተሩን ስክሪን አይቶ ሊያርመው ይችላል። የሚያዝዝ ፕሮግራም ሲሳሳት ግን ሰው ሳያይ ባትሪው ላይ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ነጥብ ስለ ኢንቨርተር ምንም ማወቅ አያስፈልግም የሚለው ነው። አንድም የኮድ መስመር ከመጻፉ በፊት ግን ገመድ መሰካት አለበት፤ ገመዱን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አያየውም። በብዙ ኢንቨርተሮች ሥር ያለው መሰኪያ የኢንተርኔት ገመድ ከሚገባበት ቀዳዳ ጋር በመልክ አንድ ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው ግን አርኤስ 232 ወይም አርኤስ 485 የሚባል፣ መረጃን ቢት በቢት በተራ የሚያስተላልፍ የሲሪያል መስመር ነው። ለአርኤስ 232 ከስምንቱ ሽቦዎች የሚያስፈልጉት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ መላኪያው፣ መቀበያውና ግራውንዱ (የዜሮ ቮልት መነሻው)። የትኛው ሽቦ የትኛው እንደሆነ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ በአንዳንዶቹ ላይም ለዋይፋይ ዕቃ ኃይል የሚሰጥ ቮልቴጅ በአንዱ ሽቦ ይወጣል። እኔ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ስጠይቀው ሦስቱን ሽቦዎች በቁጥር ለይቶ፣ ቅንጣት ጥርጣሬ በሌለው ቋንቋ ነገረኝ። መልቲሜትር አውጥቼ ስለካ ግራውንድ ነው ባለኝ ሽቦ ላይ ቮልቴጅ አገኘሁ። የአርኤስ 232 መስመር ከዜሮ በላይና በታች እስከ 15 ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ደግሞ በፒኖቹ ላይ የሚችለው 3.3 ቮልት ብቻ ነው። ሁለቱን ያለ ቮልቴጅ መቀየሪያ በቀጥታ ያገናኘ ሰው ፕሮግራሙን ሳይጀምር ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ጸሐፊው ይህ ያልገጠማቸው መቀየሪያው አብሮት የተሠራ የዩኤስቢ ገመድ ከኢንቨርተሩ ካርቶን ውስጥ ስላገኙ ነው፤ ይህንንም ራሳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰው አልፈውታል።

ከገመዱ ቀጥሎ ቋንቋው ይመጣል። አንዳንዱ ኢንቨርተር እ.ኤ.አ. በ1979 ሞዲኮን የተባለው ኩባንያ ባወጣው ሞድበስ በተባለ የመሣሪያዎች መገናኛ ቋንቋ ይናገራል፤ መረጃውን በሬጅስተር (መረጃው በተቀመጠበት ቦታ) ቁጥር እየጠየቁ ይወስዱታል። አንዳንዱ ደግሞ የታይዋኑ ቮልትሮኒክ በሠራው በተራ ፊደላት የሚነገር ቋንቋ ይመልሳል፤ በተለያየ የንግድ ስም ከሚሸጡት ኢንቨርተሮች ብዙዎቹ የዚህ ቤተሰብ ወይም የእርሱ ቅጂ ናቸው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የታተመው ስም የኢንቨርተሩን ቋንቋ አይነግርም። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የካርቶኑን ስም ብቻ የሰጠ ሰው ግምት ይቀበላል፤ የሞዴሉን የመገናኛ ሰነድ ፈልጎ ያስነበበው ሰው ግን በእርግጥም ድንቅ እገዛ ያገኛል። እኔ ሰነዱን ከሰጠሁት በኋላ የጻፈልኝ የማንበቢያ ክፍል ብቻዬን ብሆን ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ግን ጸሐፊው አያስፈልግም ያሉት ዕውቀት ነው።

ከሁሉ በላይ የምከራከረው በሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው፤ ቁጥር መታየቱን የትክክለኛነት ማስረጃ አድርጎ መውሰድ አደገኛ ነው። የጸሐፊውን ኮድ መስመር በመስመር አይቼዋለሁ። ኢንቨርተራቸው የቮልትሮኒክ ቤተሰብ በመሆኑ በሰከንድ 2,400 ቢት ፍጥነት ይናገራል፤ አንድ ባይት (አንድ ፊደል ያህል) ከመነሻውና ከመድረሻው ምልክት ጋር 10 ቢት ስለሚወስድ በሰከንድ 240 ባይት ማለት ነው። ኪውፒአይጂኤስ ለሚባለው ዋና ጥያቄ የሚመጣው መልስ ከ100 ባይት በላይ በመሆኑ እስኪያልቅ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የጸሐፊው ኮድ ግን የሚጠብቀው አንድ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢበዛ 24 ባይት ይደርሳል፤ የመልሱን አቀማመጥ ተከትለን ብንቆጥር በ24 ባይት ውስጥ ሙሉ ሆነው የሚገቡት አራት ቁጥሮች ናቸው፦ የመብራት ኃይል መስመሩ ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ፣ ኢንቨርተሩ የሚያወጣው ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ። ሰውየው ስክሪኑን ከፕሮግራሙ ጋር ሲያስተያይ 220ውም 50ውም ልክ ሆኖ ያገኘዋል፤ ደስ ይለዋል፤ የቀረውንም ያምናል።

የቀረው ግን አልደረሰም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ ሲጽፍ ደጋግሜ ያየሁበት አንድ ልማድ አለ፤ ፕሮግራሙ እንዳይቆም ሲል የጎደለውን ሁሉ በዝምታ በሆነ ቁጥር ይሞላዋል። በጸሐፊው ኮድም ያልመጣው ቁጥር ዜሮ እንዲሆን ተደርጓል፤ ዜሮ ሲበዛ ደግሞ ከዚህ በፊት የታየው የመጨረሻ ቁጥር ተመልሶ እንዲታይ የሚያደርግ መስመር ተጨምሯል። ጸሐፊው ይህን ግራፉን ያሳመረ ማሻሻያ አድርገው አቅርበውታል። እውነታው ግን አሮጌ ቁጥር አዲስ መስሎ እየታየ መሆኑ ነው፤ የባትሪው መስመር ለሰዓታት ዝንፍ ሳይል ቀጥ ብሎ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እናቴ ቤት ምጣዱ ሲለኮስ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ ይህ በ51 ቮልት ባትሪ ላይ ወደ 70 አምፔር ይጠጋል፤ እንዲህ ያለ ጭነት ሲመጣ የማይንቀሳቀስ የባትሪ መስመር ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ሳንሞክር አናምንም የሚል ሰው ሌላ መሣሪያ ሳያስፈልገው ምጣዱን ለኩሶ ግራፉን ማየት ይችላል።

ግልጽ የሆነ ስህተት ወዳጅ ነው። ሞድበስ ከሚናገሩ ኢንቨርተሮች አንዳንዶቹ ባትሪው ኃይል ሲሰጥ የአምፔሩን ቁጥር አሉታዊ አድርገው ይልኩታል፤ ኮዱ ይህን ካላወቀ ከዜሮ በታች 15.2 አምፔር መሆን የነበረበት 6,538.4 አምፔር ሆኖ ይወጣል። ይህን ያየ ማንም ሰው ስህተት መሆኑን ወዲያው ይረዳል። የሚያስፈራው ልክ የሚመስለው ስህተት ነው፤ ከእነዚህም ዋነኛው የባትሪው መቶኛ ነው። ለእኔ በመጀመሪያ የተጻፈልኝ ኮድ መቶኛውን ከቮልቴጅ የሚያሰላ ሠንጠረዥ ነበረው፤ ሠንጠረዡ ግን እንደ መኪና ባትሪ ላለው የሊድ አሲድ ባትሪ የተዘጋጀ ነበር። በሊድ አሲድ አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው 51.2 ቮልት ካሳዩ ሙሉ ናቸው። የእናቴ ባትሪ ግን 16 ሴል ያለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባል ሌላ ዓይነት በመሆኑ፣ ዐርፎ 51.2 ቮልት ሲያሳይ እያንዳንዱ ሴል 3.2 ቮልት ነው፤ ይህም ከሩብ በታች ቀርቶታል ማለት ነው። ሊያልቅ የተቃረበን ባትሪ ሙሉ ነው የሚል ፕሮግራም እየተመለከትኩ ሁለት ቀን ተቀምጬ ነበር። የሊቲየም ቮልቴጅ ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል እምብዛም ስለማይለወጥ ሠንጠረዡን በትክክለኛው መተካት እንኳ በቂ አይደለም፤ መቶኛውን የገባና የወጣ አምፔርን ከሚቆጥረው ከባትሪው የራሱ መቆጣጠሪያ ቦርድ ማንበብ ይሻላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ስጠይቀው በሚገባ አብራርቶልኛል። ሳልጠይቀው ግን የእኔ ባትሪ ምን ዓይነት እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት የሰዓት ጉዳይም አለ፤ ለእኛ አገር አንባቢ ግን ከሁሉም የቀረበ ነው። ራስፕቤሪ ፓይ፣ ቢያንስ እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ፣ የራሱ የሰዓት ባትሪ የለውም፤ ሰዓቱን የሚያስተካክለው ከኢንተርኔት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንተርኔቱ አብሮ ካልመጣ ኮምፒውተሩ ከመጥፋቱ በፊት ከነበረው ሰዓት ይቀጥላል፤ የሌሊቱ መረጃ ከምሽቱ ላይ ተደርቦ ይመዘገባል። በዚህ ላይ የእኛ የሰዓት አቆጣጠር አለ። የእኔ ፕሮግራም አመሻሽ ላይ ለእናቴ ስልክ በአማርኛ መልእክት እንዲልክ አድርጌው ነበር። አንድ ቀን «ባትሪው 8 ሰዓት ላይ ያልቃል» ብሎ ላከላት። ፕሮግራሙ ማለት የፈለገው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማታ 8 ሰዓትን ነው፤ ይህም በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እናቴ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ነው ብላ ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም እንደተከፈቱ ትታ፣ እራት እያቀረበች ሳለ ቤቱ ድርግም አለ። ስልክ ደውላ «ልጄ፣ 8 ሰዓት አላልክም እንዴ?» አለችኝ። ሒሳቡ በደቂቃ እንኳ አልተሳሳተም ነበር፤ ስህተቱ ያለው አማርኛ ቃላትን በፈረንጅ ሰዓት ላይ በመለጠፉ ነው። የቀን አቆጣጠሩንም ስፈትሽ ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ አገኘሁት፤ 2015 ዓ.ም. ግን ጳጉሜን 6 ነበረች፤ የ2016 መስከረም 1ም የዋለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ወርሃዊ የኃይል ፍጆታን በእኛ ወር ማነጻጸር ለሚፈልግ ሰው የአንድ ቀን መዛነፍ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ ማዘዝን ይመለከታል፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ምንም ዓይነት መቀራረብ የለኝም። ራሳቸው በሰጡት ኮድ ውስጥ ያለውን አንድ ነገር ብቻ በቅርብ እንየው። የቮልትሮኒክ ኢንቨርተር የኃይል ምንጩን ቅደም ተከተል የሚቀይረው ፒኦፒ በሚባል ትእዛዝ ነው፤ መጨረሻው 00 ሲሆን ቅድሚያ ለመብራት ኃይል ይሰጣል፣ 02 ሲሆን ደግሞ ቅድሚያ ለፀሐይ፣ ቀጥሎ ለባትሪ፣ በመጨረሻ ለመብራት ኃይል ይሆናል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ከኋላው ሲአርሲ የተባሉ ሁለት የማረጋገጫ ባይቶችን ያስከትላል። በዚህ ቋንቋ ውስጥ አንድ ለየት ያለ ደንብ አለ፦ የማረጋገጫው ባይት 10፣ 13 ወይም 40 ሆኖ ከወጣ፣ እነዚህ ቁጥሮች የመስመር መጨረሻና የመልስ መጀመሪያ ምልክቶች ስለሆኑ እንዳይምታቱ አንድ ተጨምሮባቸው መላክ አለባቸው። የጸሐፊው ኮድ በየመማሪያው የሚገኘውን የተለመደውን ስሌት ይጠቀማል እንጂ ይህን ደንብ አያውቅም። ለፒኦፒ00 ችግር የለም። ለፒኦፒ02 ግን የስሌቱ ሁለተኛ ባይት 10 ሆኖ ይወጣል፤ 11 ሆኖ መላክ ነበረበት። ስለዚህ ኢንቨርተሩ ወይ «ናክ» (አልተቀበልኩም) ብሎ ትእዛዙን ይመልሰዋል ወይ ዝም ይላል፤ ኮዱ ደግሞ መልሱን ሳያነብ «ተቀይሯል» ብሎ ስክሪኑ ላይ ይጽፋል።

ይህ ማለት ምን እንደሆነ ልብ ይባል። የጸሐፊው ፕሮግራም ቤቱን ወደ መብራት ኃይል ሊያዞረው ይችላል፤ ወደ ፀሐይና ባትሪ ግን ሊመልሰው አይችልም። አንድ ቀን ባትሪው ዝቅ ሲል ወደ መብራት ኃይል ያዞረው ቤት፣ ሰው በእጁ ካልመለሰው በቀር እዚያው ይቀራል፤ ግራፉ ግን በፀሐይ እየሠራሁ ነው ይላል። ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ አካባቢ የመብራት ሂሳባቸው ያሰቡትን ያህል እንዳልቀነሰላቸው አንሥተው ምክንያቱን ለክረምቱ ደመና ሰጥተዋል። ደመናው ድርሻ አይኖረውም አልልም፤ ነገር ግን የኢንቨርተራቸውን ስክሪን ሄደው ቅድሚያው ለማን እንደተሰጠ በዓይናቸው እንዲያዩት በትሕትና እጠይቃቸዋለሁ።

ከዚህ የሚብሰው ግን የደረሰው ትእዛዝ ነው። ኮዱ የባትሪውን የሙሌት ቮልቴጅ የሚወስነውን ትእዛዝ፣ ቁጥሩ ቢለወጥም ባይለወጥም፣ በየ5 ሰከንዱ ይልካል። በቀን 17,280 ጊዜ መሆኑ ነው። ኢንቨርተሩ እንዲህ ያሉ ምርጫዎችን የሚያስቀምጥበት መብራት ሲጠፋ የማይረሳ ማኅደር ተጽፎበት የሚያልቅ ዕድሜ አለው፤ የዚህ ዓይነቶቹ ማኅደሮች ብዙ ጊዜ ከ100,000 እስከ 1,000,000 ጊዜ መጻፍ እንዲችሉ ሆነው ይሠራሉ። ኢንቨርተሩ እያንዳንዱን ትእዛዝ እንዳለ የሚጽፍ ከሆነ ዝቅተኛው ቁጥር ስድስት ቀን ሳይሞላ ያልቃል። በስድስተኛው ቀን የሚበላሸው ደግሞ ፕሮግራሙ አይደለም፤ ብዙ ብር የወጣበት ኢንቨርተር ነው። በተጨማሪም ኮዱ በወር አንድ ጊዜ ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ባትሪውን «የሚያስተካክል» ክፍል አለው። ይህ ውኃ ለሚጨመርባቸው የሊድ አሲድ ባትሪዎች የሚደረግ ሆን ተብሎ ከመጠን በላይ የመሙላት ሕክምና ነው፤ ለሊቲየም አይደረግም። ጸሐፊው የሊድ አሲድ ባትሪ ስላላቸው ምናልባት አይጎዳቸውም ይሆናል፤ ኮዱን ገልብጦ ሊቲየም ላይ የሚያስኬደው አንባቢ ግን ይህን የሚነግረው አንድም ቃል በጽሑፉ ውስጥ አያገኝም።

ለማዘዙ የሚሰጡት ምክንያት ፕሮግራሙ መብራት ሲመጣና ሲሄድ ከሰው ፈጥኖ ይወስናል የሚል ነው። ከሰው መፍጠኑ እውነት ነው፤ ከኢንቨርተሩ ግን አይፈጥንም። የዚህ ዓይነት ኢንቨርተር መብራት ሲሄድ ወደ ባትሪ የሚዞረው በ10 ወይም በ20 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከውጭ ያለው ፕሮግራም ደግሞ የሁኔታውን መልስ አንብቦ ለመጨረስ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ያስፈልገዋል። አምራቹ ለዚህ ውሳኔ በኢንቨርተሩ ውስጥ ያስቀመጠውን ፈጣን ጠባቂ፣ ዘግይቶ በሚደርስ ታዛቢ ለማዘዝ መሞከር ትርፉ አይታየኝም።

አራተኛው ነጥብ ረጅም መልስ አያሻውም። ቴክኒሻን የሚጠራው ቁጥር እንዲያነብ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤቴ ቤት የባትሪው ገመድ ኢንቨርተሩን በሚያገኝበት ጫፍ ላይ ብሎኑ ላልቶ አገኘሁት፤ የገመዱ ላስቲክ ጫፉ ላይ ቡናማ ሆኖ ነበር። በእንዲህ ያለ መጋጠሚያ ላይ 0.01 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖርና 70 አምፔር ቢያልፍበት 49 ዋት ሙቀት በአንዲት ብሎን ላይ ይወለዳል። ቮልቴጁ የሚቀንሰው 0.7 ቮልት ብቻ ስለሆነ ማንም ግራፍ ላይ ልብ አይለውም። ያንን ያገኘሁት ሽታው አጠራጥሮኝ ክዳኑን ከፍቼ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗም አየሩ ስስ ነው፤ ኢንቨርተር የሚቀዘቅዘውም ማኑዋሉ በዝቅተኛ ቦታ ከሚገምተው ባነሰ ሁኔታ ነው። ይህን አይቶ የሚገጥምበትን ግድግዳና የአየር መተላለፊያውን የሚወስን ሰው ያስፈልጋል።

አምስተኛው ነጥብ የተነሣው ከመልካም ሐሳብ መሆኑን እረዳለሁ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ልጅ ለወላጆቹ ሶላር አስገጥሞ በደህና እየሠራ መሆኑን ከሩቅ ማየት መፈለጉ የሚጠበቅ ነው፤ የአምራቾቹ መተግበሪያዎችም እንከን የለሽ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ፎርስካውት የተባለው የሳይበር ደህንነት ኩባንያ በሦስት ታዋቂ አምራቾች የሶላር ምርቶችና አገልግሎቶች ላይ 46 አዳዲስ ክፍተቶችን ማግኘቱን አስታውቋል። በዚህ ረገድ የራስን መከታተያ በቤት ማዋል ተገቢ ምርጫ ነው ብለው የጻፉትን እደግፋለሁ። መፍትሔው ግን በራውተሩ ላይ በር ከፍቶ ፕሮግራሙን ለዓለም ማጋለጥ ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2024 በጃፓን 800 ያህል የሶላር መከታተያ መሣሪያዎች በሰርጎ ገቦች እጅ ወድቀው ከባንክ ሒሳብ ገንዘብ ለመስረቅ መሸሸጊያ መሆናቸው ተዘግቧል። ልብ ይባል፤ የተያዙት መከታተያዎቹ ናቸው። የጸሐፊው ፕሮግራም ደግሞ የይለፍ ቃል የለውም፤ ማዘዣው ክፍልም እዚያው ገጽ ላይ ማንም ሊጫነው በሚችል ቁልፍ መልክ ተቀምጧል።

ለዚህ ቀላል መንገድ አለ። ቴሌግራም ቦት (በቴሌግራም ራሱ መልእክት የሚልክና የሚመልስ ፕሮግራም) የሚሠራው ቤት ያለው ኮምፒውተር ወደ ውጭ እየጠየቀ ስለሆነ በራውተሩ ላይ ምንም በር መክፈት አያስፈልግም፤ የቤተሰቡ አባላት ባሉበት አገር ሆነው መልእክቱን ያያሉ። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው። ቦቱ መልስ የሚሰጠው ለተመዘገቡ የቤተሰብ አባላት ብቻ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የቤቱ ፍጆታ በቀን የሚወርድበትን ሰዓት ያየ ሰው ቤቱ ባዶ የሚሆነው መቼ እንደሆነ ያውቃል። የቦቱ ምስጢራዊ ቁልፍም ኮዱ ውስጥ ተጽፎ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወይም ለሌላ ሰው መሰጠት የለበትም። ጸሐፊው ባሰራጩት ኮድ ውስጥ የራሳቸው ቁልፍ እንዳለ ቀርቷል፤ ይህን ለእርሳቸው ለብቻቸው ጽፌላቸዋለሁ፤ ይህ ምላሽ ከመውጣቱ በፊትም ቀይረውታል።

ጸሐፊው ኮዱን እንደሚያሻሽሉ ቃል ስለገቡ የምጠይቃቸውን ለይቼ ልጥቀስ። የመልስ መጠበቂያውን ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ወደ አንድ ሰከንድ ያሳድጉት። የመጣውን መልስ በማረጋገጫ ባይቶቹ ይፈትሹት። ያልደረሰ ቁጥር ዜሮም አሮጌም ሳይሆን «አልታወቀም» ተብሎ ይታይ። ከኢንቨርተሩ የመጣው መልስ ከመተርጎሙ በፊት እንዳለ በፋይል ይቀመጥ፤ ነገ ስህተት ሲገኝ ያለፈው መረጃ እንደገና ሊተረጎም የሚችለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የማዘዣውን ክፍል ያውጡት። በዚህ ቋንቋ ዋና ዋናዎቹ የማንበቢያ ጥያቄዎች በአንድ ፊደል፣ በ«ኪው» ስለሚጀምሩ፣ ወደ ገመዱ የሚሄደውን ሁሉ በአንድ በር አሳልፎ በ«ኪው» ያልጀመረውን መከልከል በሁለት መስመር ኮድ ይቻላል፤ በሞድበስ ለሚሠሩትም የማንበቢያዎቹን 3 እና 4 ቁጥር ተግባራት ብቻ ፈቅዶ የመጻፊያዎቹን 6 እና 16 መዝጋት ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ይህን በር በአግባቡ ይጽፍላቸዋል፤ የእኔንም የጻፈው እርሱ ነው። እስከዚያው ኮዱን ገልብጣችሁ እያስኬዳችሁ ያላችሁ ሰዎች ዛሬውኑ ፕሮግራሙን አቁሙት፤ ከዚያም ወደ ኢንቨርተራችሁ ሄዳችሁ የሙሌት ቮልቴጁ ባትሪችሁ ላይ ወይም በማኑዋሉ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ስክሪኑ ላይ ተመልከቱ።